የ380 ዶላሩ ካርቶን፦ ልጄን ቤት ማስተማር ስጀምር ያጠፋሁትና ያዳንኩት

ካርቶኑ የደረሰው ሐሙስ ማታ ነበር። በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ወገቤን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን የሙሉ ዓመት ትምህርት ነው ተብሎ ነው የገዛሁት፦ የሂሳብ፣ የንባብ፣ የሳይንስ፣ የታሪክ መጻሕፍት፣ ወፍራም የመምህር መምሪያ፣ ባለቀለም ተለጣፊዎች። ዋጋው 380 ዶላር። ባለቤቴ ካርቶኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ «ልጁ ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጣ መጻሕፍቱ ገቡ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የተጠቀምንበት የሂሳቡን ግማሽና ተለጣፊዎቹን ብቻ ነው። ተለጣፊዎቹንም የጨረሰቻቸው ታናሽ እህቱ ናት፤ ፍሪጃችን ላይ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምሽት ፈረቃ ትሠራለች። የተረፈ ገንዘብ የለንም፣ ዘመድም አጠገባችን የለም። «ልጄን ቤት ባስተምረው» ብሎ የሚያስብ ሐበሻ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ስለሆነ፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

ያስወጣነው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰባት ዓመቱ። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ቅዳሜና እሁድ አያመውም። ሐኪም አየው፣ ምንም የለም። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብብ ሲሉት ዝም ማለት ጀምሮ ነበር፤ እኛ የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። መምህሯን አልወቅስም፣ አንዲት ሴት ለዚያ ሁሉ ልጅ ምን ታድርግ? ስብሰባ ተጠራን፣ ፈረምን፣ ሌላ ስብሰባ ተጠራን። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ባለቤቴ በአማርኛ «እኛው ብንይዘው አይሻልም?» አለችኝ።

ደሴ ያለችው እናቴ ዘንድ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ።

«ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀረኸው ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እማዬ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው።»

«አንተ? ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ የወደቅኸው?» ትንሽ ዝም አለችና፣ «አባትህ በሬ ሸጦ አንተን አስተማረ፤ አንተ አሜሪካ ገብተህ ልጅህን እቤት ታስቀምጣለህ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ያለውን እዚህ አልደግመውም። አንድ ምክር ብቻ፦ እስክትጀምሩ ድረስ በየቡናው ላይ አታውሩት። እኔ አውርቼ ሁለት ሳምንት ስከራከር ከረምኩ።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን እሱ ነው፤ «ፖሊስ ይመጣል፣ ልጆቹን ይወስዱብናል» የሚል። በቨርጂኒያ ልጅን ቤት ማስተማር ሕጋዊ ነው፤ ፈቃድ የሚለመንበት ሳይሆን የሚያሳውቁበት ነገር ነው። ለአካባቢያችሁ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ፣ ሱፐርኢንቴንደንት ለሚሉት፣ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ የማሳወቂያ ደብዳቤ ትልካላችሁ። እንደኛ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚጀምር ደግሞ በተቻለ ፍጥነት ያሳውቃል፤ የቀረውን ወረቀት በ30 ቀን ውስጥ ያሟላል። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ነገር ይሄዳል። አንደኛው የምታስተምሯቸው ትምህርቶች ዝርዝር ነው፤ ሒሳብ፣ ንባብና ጽሕፈት፣ ሳይንስ፣ ታሪክ ብሎ መዘርዘር ይበቃል። እኔ ግን በሰዓት የተከፋፈለ ሦስት ገጽ ጽፌ ላክሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም የሚያነበው አይመስለኝም። ሁለተኛው የወላጁ ማስረጃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው ኮፒውን ያያይዛል። የእኔ ዲግሪ ከኢትዮጵያ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ማስተርጎም አላስፈለገኝም። ዲፕሎማ የሌለው ወላጅም ተስፋ አይቁረጥ፤ በርቀት ትምህርት ፕሮግራም ማስተማር ወይም ልጁን በሚገባ ማስተማር እንደሚችል በጽሑፍ ማስረዳት በሕጉ ውስጥ የተቀመጡ አማራጮች ናቸው።

ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ። ልጁን አስቀርቶ በኋላ ደብዳቤ መላክ ያልተፈቀደ ቀሪ ያስቆጥርበታል፤ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ ጣጣው ይመጣል። መጀመሪያ ደብዳቤው ይሂድ። እኔ በፖስታ ቤት ሰርቲፋይድ በሚሉት፣ መላኩንና መድረሱን በሚያረጋግጠው መንገድ ላክሁት፤ ደረሰኙን ከፓስፖርታችን ጋር አስቀምጫለሁ። የክትባት ካርዱንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ቤት የሚማር ልጅም በቨርጂኒያ ክትባት ግዴታ አለበት። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ የምትኖሩ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፦ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ፣ የወላጅ ዲፕሎማ አይጠየቅም፣ በምትኩ የልጁን ሥራ ሰብስባችሁ በየጊዜው ታሳያላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛ የነገራችሁን አሌክሳንድሪያ ላይ አትሥሩበት።

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ነው ገንዘብ የሚያስወጣው። ማታ ማታ «ልጁን ባጠፋውስ?» እያለ ያስገዛል። ካርቶኑን ያስገዛኝ እሱ ነው። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለሁለት ወር ምንም አትግዙ። የላይብረሪ ካርድ አውጡ፣ ነጻ ነው፤ ልጁን ይዛችሁ ግቡና የፈለገውን ያውርድ። በእነዚያ ሁለት ወራት ልጃችሁ የት እንዳለ ታያላችሁ። እኔ የሁለተኛ ክፍል ካርቶን ገዛሁ፤ ልጁ በሂሳብ ሦስተኛ ክፍል፣ በንባብ መዋዕለ ሕፃናት ላይ ነበር። ካርቶን ደግሞ ይህን አያውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍራል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጥግ አስይዤ፣ ሰዓት አስቀምጬ፣ «አሁን ሒሳብ፣ አሁን ንባብ» እያልኩ ትምህርት ቤቱን እቤት አመጣሁት። ረቡዕ ጠዋት ልጁ ሆዱን አመመው። በቤቱ! ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ሰማችና ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ንባብን ያስጀመረን ፊደል ነው፤ ይህን አላቀድኩትም። ልጄ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚማር ሀ ሁን በዜማ ይወጣዋል። መካከል ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይቺ ማን ናት?» ስለው ግን ከመጀመሪያው ካልዘፈነ አይደርስባትም። የኔታ ይህን በሽታ ከጥንት ያውቁታል። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ይመስለኛል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፤ ዜማው ያልለመደው መንገድ ስለሆነ ዓይን የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። የ380 ዶላሩን ካርቶን ክዳን ቆርጬ በማርከር 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ጻፍኩበት፤ 231። ለመጠቆሚያ ስንደዶ ከየት ይምጣ? የቻይና ምግብ ስንገዛ የሚሰጡንን እንጨት ያዘ። ቁልቁል አነበብን፣ ወደ ጎን አነበብን፣ ከታች ወደ ላይ አነበብን። ከካርቶኑ ሁሉ በላይ ያገለገለን ክዳኑ ነው።

በአምስት ሳምንት ውስጥ አማርኛ ቃል እየገጣጠመ ማንበብ ጀመረ። ልጁ ደደብ እንዳልሆነ ያኔ ራሱ አወቀ፤ እኔ ብነግረው አያምነኝም ነበር። በእንግሊዝኛው ያናደደው «ሲ» አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» መሆኗ ነው። «በ» ግን የትም ብትሄድ «በ» ናት። ሳድሷ አንዳንዴ ታስቸግራለች፣ እሱን አልፈነዋል። አንድ ቀን ግን ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ደረሰበትና እንጨቱን አስቀምጦ፣ «አማርኛም ይዋሻል ማለት ነው?» አለኝ። ድሮ ድምፃቸው ይለያይ ነበር አልኩት። «ታዲያ ለምን አይተዋቸውም?» አለ። ይህን ከእሱ በፊት የጠየቁ ሊቃውንት እንዳሉ ነገርኩት፤ ደስ አለው።

ከዚያ በዚያው ልማድ እንግሊዝኛውን በድምፅ ጀመርን። ላይብረሪ ውስጥ ገና ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች የተለየ መደርደሪያ አለ፤ ሠራተኛዋን «ድምፅ በድምፅ የሚያስነብብ» ብላችሁ ጠይቋት፣ አቅፋችሁ ነው የምትወጡት። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልጨመርኩም። በኤፕሪል ለእህቱ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበላት። እሷ መሐል ላይ ተነስታ ሄዳለች፤ እሱ ግን ጨረሰው።

ሒሳቡን በኢንተርኔት በሚያስተምረው ድረ ገጽ፣ በካን አካዳሚ፣ ነው የያዝነው፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ልጁ በደረሰበት ይቀጥላል። ለትናንሽ ልጆች የተለየ አፕም አለው፣ እሱም ነጻ። ከስክሪን ውጪ ያለው ሒሳብ ግን የእኛ ነው። የቀን ደረሰኜን እሱ ይደምራል፤ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ዛሬ የሠራኸው 61 ዶላር ብቻ ነው» አለኝ፤ ሒሳቡ ትክክል ነበር፣ እኔ ነኝ ማወቅ ያልፈለግሁት።

እንግሊዝኛ የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት ዘዴ አለ። አገር ቤት ማንም አላስተማረኝም፣ እዚህ ነው ያወቅሁት። 13 ሲባዛ በ12 እንበል። 13ን እያጋመሳችሁ፣ ትርፉን እየጣላችሁ ጻፉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በአጠገቡ 12ን እጥፍ እያደረጋችሁ ጻፉ፦ 12፣ 24፣ 48፣ 96። በግራ ተጋማሽ ቁጥር፣ ለሁለት እኩል የሚካፈል ማለት ነው፣ ያለበትን መስመር ሰርዙ፤ እዚህ 6ና 24 ይሰረዛሉ። በቀኝ የቀረውን ደምሩ፦ 12፣ 48፣ 96፤ 156። የማባዣ ሰንጠረዥ ሳያውቅ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ የሚችል ልጅ ትልቅ ቁጥር ያባዛል። ልጄ ይህን ለጎረቤት ልጆች አሳይቶ የሰፈሩ ሊቅ ሆነ፤ ስሙ የአገሩ ስም መሆኑ ደግሞ አኮራው።

ዋሽንግተን አጠገብ ለምንኖር የሳይንስና የታሪክ ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አይከፈልባቸውም። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያሳይ አዳራሽ አለ፤ ከመሄዳችን በፊት በፈረንጆች 1974 ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ስለ ድንቅነሽ፣ ስለ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት፣ ነገርኩት። እዚያ ደርሰን «አፋር ናት እኮ! የእኛ ናት!» ብሎ ሲጮህ ጠባቂው ዞሮ አየን። ዳለስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የአውሮፕላኖች ሙዚየምም መግቢያው ነጻ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ነው የሚከፈልበት፣ እሱም በሐበሻ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለሚገባ ነጻ ይሆናል። ሹፌር ሆኜ ይህን ያወቅሁት 15 ዶላር ከከፈልኩ በኋላ ነው። ከ10 ሰዓት እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ ዲስከቨሪ የምትባለው መንኮራኩር ሥር ቆሞ አፉን ከፍቶ ነው የጨረሰው። መካነ አራዊቱም መግቢያው ነጻ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ኪስ ያራቁታል፣ በባቡር ሂዱ።

እስካሁን ሁሉ ነገር ርካሽ ይመስላል። ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ካርቶኑን ሳይጨምር የወጣው 229 ዶላር ነው፦ ያገለገለ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር 45፣ ወረቀትና ቀለም 38፣ የካውንቲው መዋኛ ትምህርት 96፣ ፈተና 35፣ ያች የዳለስ 15። ፕሪንተር ስትገዙ ሌዘር ግዙ፤ ርካሹ ባለቀለም ፕሪንተር በቀለሙ ነው የሚበላችሁ። ከካርቶኑም የቀሩትን መጻሕፍት ለአንዲት እናት በ110 ሸጥኩላት። ለማን እንደምሸጥ ስጨነቅ ነበር፤ ለካ ያገለገለ መጽሐፍ እየተለዋወጡ የሚያስተምሩ ወላጆች ሞልተዋል።

ግን ይህ የወረቀቱ ሒሳብ ነው። ቤት ማስተማር ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች የወላጁን ሰዓት በዜሮ አባዝተው ነው። እኔ ቀድሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እነዳ ነበር። አሁን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አቆማለሁ። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል እንማራለን፤ ለዚያ ዕድሜ ልጅ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ሌላውን ጊዜ ጫወታና መጽሐፍ ይበላዋል። የዚያ ሰዓት መቆም በወር ወደ 500 ዶላር ቀንሶብናል። ትምህርት ቤት በነጻ ይበላው የነበረው ምሳም ወደ እኛ መጣ። ሰባት ዓመት ልጅ ቤት ውሎ ስንት ጊዜ «ራበኝ» እንደሚል አላውቅም ነበር። በበጋ ዕረፍት በየሰፈሩ ዕድሜው እስከ 18 ለሆነ ልጅ ሁሉ ነጻ ምሳ የሚታደልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቤት የሚማርም ልጅ ይበላል፣ አትፈሩ። የምትወስኑት የመጽሐፍ ዋጋ አስልታችሁ ከሆነ ግን አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ማን ሥራውን እንደሚቀንስና ኪራዩ በምን እንደሚከፈል ተነጋገሩ። እኛ መኪናዬን የመቀየር ሐሳብ ተውን፣ ለአገር ቤት የምንልከውንም ለተወሰኑ ወራት ቀነስን። እናቴን ያስቆጣት ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረታችን ሳይሆን ይህ ነው ብል ይሻላል፤ እሷ ግን አትናገረውም።

ፌብሩዋሪ ከበደን። ብርድ፣ ጨለማ፣ ልጁ መስኮት ላይ ቆሞ ቢጫውን አውቶቡስ ያያል። «ጓደኞቼ ረሱኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ረቡዕ ረቡዕ መናፈሻ ላይ የሚገናኙበት ቦታ አገኘሁና ወሰድኩት፤ ሐበሻ እኛ ብቻ ነበርን። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ስልኬን እያየሁ፣ እሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ሁለት ጓደኛ ይዟል። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን፣ ማክሰኞ መዋኛ። ይበቃል አይበቃም፣ አንዳንድ ማታ አሁንም እናወራበታለን።

እናቴ በመጨረሻ የራሷን ሰዓት ወሰደች። እሁድ እሁድ በስልክ ተረት ትነግረዋለች፤ እሱ የሰማውን በአማርኛ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ያነብላታል። ማንበብ አትችልም፤ ስሕተቱን ግን በጆሮዋ ትይዛለች። «እንዲህ አላልኩም! ጅቡ ነው ያለው እንጂ አህያው አይደለም!»

በጁላይ ፈተናውን ወሰደ። በቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይላካል፤ ወይ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ፈተና ውጤት፣ ወይ ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስ ያለው ሰው የሚጽፈው ግምገማ። ፈተናው ስታናይን በሚሉት ከ1 እስከ 9 በሆነ መለኪያ ይመጣል፤ 4ና ከዚያ በላይ ይበቃል። ሳይበቃ ቢቀር እንኳ የአንድ ዓመት የማሻሻያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የእኛ ልጅ በሒሳብ 7፣ በንባብ 5፣ በአጠቃላይ 6 አመጣ። ያችን 5 ፍሪጁ ላይ፣ የእህቱ ተለጣፊዎች መካከል ለጠፍናት። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ውጤት መጣ እማዬ።»

«እሰይ! ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ።»

«ከስንት?»

«ከአንድ።»

ስቃ ስቃ ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

አሁን ታናሽ እህቱ ሚጣ ከሴፕቴምበር 30 በፊት አምስት ትሞላለች፤ ለእሷም ደብዳቤ ሊጻፍ ነው። ስድስት ያልሞላት ስለሆነች የመሻሻል ማስረጃ አይጠየቅላትም። ገና አልደረሰችም ብሎ አንድ ዓመት ማዘግየትም ይቻላል፤ እሱም በጽሑፍ የሚያሳውቁት ነው። እሷ ግን ቢጫው አውቶቡስ ላይ ካልወጣሁ ብላለች፣ ቦርሳዋንም መርጣለች። ወንድሟን ስጠይቀው «እኔ አንድ ዓመት ልጨምር፣ እሷ ትሂድና አይታ ትንገረኝ» አለ። የአንዱን ደብዳቤ ዛሬ ጽፌያለሁ፤ ትምህርቶቹን ዘርዝሬ፣ በግማሽ ገጽ።